ስንት ይጎትታል? ፒክአፕ ሊገዛ ለተነሣ ወገን የተሰጠ ጥብቅ ምክር

ፒክአፕ ሊገዙ ነው የሚል ወሬ ደርሶናል፤ እንኳን ደስ ያለዎት። ወዳጅ ዘመድዎ ሁሉ በካምሪና በሲዬና ሲመላለስ እርስዎ ከፍ ብሎ መቀመጥን መምረጥዎ ያስመሰግናል። ውሳኔው ከተወሰነ የሚቀረው ልኩን ማወቅ ነው፤ ጣጣውም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ልክ አውቃለሁ ባይ በአካባቢዎ ሞልቷል። ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ የሚያገኙት ወዳጅዎ «ትንሹን ከገዛህ ትቆጫለህ» ይልዎታል። የወንድምዎ ልጅ ዩቲዩብ ሲያይ አድሮ ጠዋት ሊመክርዎ ይመጣል። ሻጩ ደግሞ ገና በሩን ከፍተው ሲገቡ ልክዎን በዓይኑ ለክቶ ጨርሷል። እኛ ግን ከማንም ኮሚሽን የማንቀበል በመሆናችን ምክራችን ንጹሕ ነው፤ በቁጥር የተደገፈም ነው። ብዕር ይያዙ።

ከመኪናው በፊት ሰበብ

የመጀመሪያው ደንብ ይህ ነው፤ ከመኪናው በፊት የሚጎተተውን ያግኙ። ሻጩ አስቀድሞ የሚጠይቅዎ «ምን ሊጎትቱ ነው?» ብሎ ስለሆነ፣ «ምንም» ብሎ መመለስ ነውር ነው። አሜሪካኖቹ ለዚህ ጥያቄ መልስ አያጡም። ጀልባ አላቸው፣ ፈረስ አላቸው፣ ቅዳሜና እሑድ ጫካ ገብተው የሚያድሩበት ጎማ ያለው ቤት አላቸው። እርስዎ ጀልባ የለዎትም፤ ፈረሱንም አገር ቤት ትተውት መጥተዋል። ሦስት መኝታ ቤት ያለው ቤት እያለዎት ጫካ አደሩ ሲባል ደግሞ እናትዎ በስልክ ቢሰሙ ነገሩን በሌላ ተርጉመው ሱባኤ ይገባሉ።

ደግነቱ የእኛም ሰው የሚጎትተው አያጣም። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1984 ከተመሠረተ ወዲህ በየዓመቱ ጁላይ 4 ሰሞን ከተማ እየቀያየረ የሚያዘጋጀው የእግር ኳስ ውድድር አለ። እዚያ ኳስ ለማየት የሚሄድም አይጠፋም፤ የቀረው የሚሄደው ሰው ለማየትና ጥብስ ለመብላት ነው። ጥብሱ ታዲያ በራሱ እግር አይሄድም። ምድጃው፣ ማቀዝቀዣው፣ የጋዝ ሲሊንደሩ፣ ድስቱና ምጣዱ የሚጓዘው ተሳቢ ላይ በተሠራ ኩሽና ነው። እንግዲህ ዘንድሮ ተራው የዴንቨር ሆነ፣ የማኅበርዎ አባላትም ኩሽናውን ከቨርጂኒያ ዴንቨር ድረስ እንዲያደርሱ እርስዎን በሙሉ ድምፅ መረጡ እንበል። ምርጫው የተካሄደው እርስዎ በሌሉበት ነው፤ ቢኖሩም እምቢ አይሉም ነበር። ይኸው ሰበብ ተገኘ። ከዚህ በኋላ ያለው ሒሳብ ብቻ ነው።

ግማሽ ቶን የማይመዝነው ግማሽ ቶን

የአሜሪካ ፒክአፕ በቶን ይጠራል፤ ግማሽ ቶን፣ ሦስት ሩብ ቶን፣ አንድ ቶን። ሲሰሙት ግልጽ ይመስላል። በድሮው ዘመን ግማሽ ቶን ማለት 1,000 ፓውንድ የሚጭን ማለት ነበር። ፎርድ ኤፍ የተባሉትን ፒክአፖች እ.ኤ.አ. በ1948 ጀመረ፤ ኤፍ-150ን ለ1975 ሞዴል አወጣ። ከዚያ ወዲህ መኪኖቹ ቁመታቸውም፣ ክብደታቸውም፣ ዋጋቸውም አድጓል፤ የቶኑ ስም ግን በነበረበት ቀርቷል። ዛሬ ግማሽ ቶን የሚባለው እንደየአሠራሩ 1,500ም 2,000ም ፓውንድ ሊጭን ይችላል። ስለዚህ አንድ ሰው «ግማሽ ቶን ነው የያዝኩት» ቢልዎ ትሑት ሰው ነው ብለው እንዳይሳሳቱ።

ከታች ስንጀምር ፎርድ ማቬሪክን የመሳሰሉት ትንንሾቹ አሉ። ማቬሪክ በወጉ 2,000 ፓውንድ፣ የመጎተቻ ዕቃው ተጨምሮለት ሲታዘዝ ደግሞ 4,000 ፓውንድ ይጎትታል። ለአትክልት አፈር፣ ለሣር ማጨጃና ኮሌጅ ለገባች ልጅ አልጋ ከበቂ በላይ ነው። ነዳጅ ይቆጥባል፣ የትም ይቆማል። በእነዚህ ምክንያቶች የተነሣ ማንም ሰው አይመክርዎትም።

ቀጥሎ መካከለኞቹ ይመጣሉ፤ ቶዮታ ታኮማ፣ ፎርድ ሬንጀር፣ ሼቭሮሌ ኮሎራዶ። በትክክል የታጠቁ ከሆነ ከ6,000 እስከ 7,000 ፓውንድና ከዚያም ትንሽ ከፍ ያለ ይጎትታሉ። በዓመት አንዴ ቀለል ያለ ተሳቢ ለሚያያይዝ፣ የቀረውን ጊዜ ብቻውን ሥራ ለሚመላለስ ሰው ልኩ ይህ ነው። ይህን ዐረፍተ ነገር ግን ማንም እንዳያይብዎ አጥፈው ያስቀምጡት።

ከዚያ ሁሉም የሚያልማቸው ግማሽ ቶኖች አሉ፤ ኤፍ-150፣ ሲልቨራዶ 1500፣ ራም 1500፣ ቶዮታ ተንድራ። የእነዚህ ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር ከ11,000 ፓውንድ በላይ ነው። የእርስዎ ኩሽና ከነዕቃው 6,000 ፓውንድ ይመዝናል እንበል። 11,000 ሲቀነስ 6,000፤ ገና 5,000 ፓውንድ ተራፊ አለ! ሻጩ ይህን መቀነስ በፊትዎ ሠርቶ ያሳይዎታል፤ ሒሳቡ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው ጥያቄው ነው።

ያ ትልቅ ቁጥር ከየት መጣ?

ድሮ ድሮ እያንዳንዱ ፋብሪካ መኪናው ስንት እንደሚጎትት የሚናገረው እንደ ልቡ ነበር፤ የጎረቤቱ ቁጥር ሲያድግ የእሱም በማግሥቱ ያድግ ነበር። ነገሩ መረን ሲወጣ ኤስኤኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2008 ጄ2807 የተባለ የጋራ መለኪያ አወጣ። ቶዮታ ለ2011 ተንድራ ቀድሞ ተቀበለው፤ ሌሎቹ እየቆዩ ተከተሉ።

ፈተናው ቀልድ አይደለም። አንዱ ክፍል አሪዞና ውስጥ ዴቪስ ዳም በተባለው ግድብ በኩል የሚወጣው ዳገት ነው። 11.4 ማይል ያለ እረፍት ሽቅብ ነው። ሙቀቱ 100 ፋራናይት፣ የመኪናው አየር ማቀዝቀዣ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ ተሳቢው ከኋላ ተያይዞ፣ ፍጥነቱ ከ40 ማይል በታች ሳይወርድ መውጣት አለበት። ሌላው ክፍል ተዳፋት ላይ አቁሞ እንደገና ማስነሣት ነው። ይህን ሁሉ ያለፈ ሞተር በእውነትም ሞተር ነው።

ችግሩ ጋቢናው ውስጥ ነው። በዚያ ፈተና መኪናው ውስጥ አሉ ተብለው የሚታሰቡት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሾፌሩና አንድ ተሳፋሪ። እያንዳንዳቸው 150 ፓውንድ፣ ማለትም 68 ኪሎ። እነዚህን ሁለት ቀጫጭን ሰዎች እኛ አናውቃቸውም። ልጅ የላቸውም፤ አክስት የላቸውም፤ ለመንገድ ተብሎ የተቋጠረላቸው ቆሎና ዳቦ ቆሎ የለም፤ በፋሲካ ማግሥት ተመዝነው አያውቁም። የማስታወቂያው ቁጥር የተቆረጠው ለእነሱ ነው። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» ያሉት አባቶች ፒክአፕ ሳይገዙ ነው ይህን ያወቁት።

ስቲከሩ

አሁን ወደ ዋናው ምሥጢር እንግባ። ሻጩ ስለ ወንበሩ ማሞቂያ ሲያስረዳዎ እርስዎ የሾፌሩን በር ይክፈቱ። ጎንበስ ብለው በሩ የሚገጥምበትን ምሰሶ ይመልከቱ። ቢጫና ነጭ ያለበት ስቲከር ተለጥፎ ያገኛሉ፤ እስከ ዛሬ በያዟቸው መኪኖች ላይ የጎማ ንፋስ ልክ ብቻ ነው ብለው ያለፉት እሱ ነው። ከጎማው ቁጥር ከፍ ብሎ፣ የሰዎቹና የዕቃው ክብደት ተደምሮ ከዚህ ፓውንድ በፍጹም መብለጥ የለበትም የሚል ቃል አለ። ያቺ ቁጥር የመኪናው ሞዴል ሁሉ አይደለችም፤ የዚያ ፊትዎ የቆመው መኪና ነች። አንድ ስም ያላቸው፣ አንድ ቀለም የተቀቡ፣ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ፒክአፖች በብዙ መቶ ፓውንድ ሊለያዩ ይችላሉ።

እንግዲህ የእርስዎ 1,550 ትላለች እንበል። ደብተር ያውጡ።

ተሳቢ ከኋላ ስለሚጎተት ክብደቱ ሁሉ ከኋላ የሚቀር ይመስላል። አይቀርም። ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በአፍንጫው በኩል ፒክአፑ ጀርባ ላይ ይጫናል፤ መሆንም አለበት። የ6,000 ፓውንድ ኩሽና ከ600 እስከ 900 ፓውንድ ያሳርፋል፤ መካከሉን ይዘን 750 እንበል። 1,550 ሲቀነስ 750፣ 800 ቀረ። ክብደቱን ለፊት ጎማዎችም የሚያካፍለው የመጎተቻ ብረት፣ ሂች የሚሉት፣ 80 ፓውንድ ያህል ይመዝናል። 720 ቀረ።

አሁን ቤተሰብዎ ይግባ። እርስዎ 190። ባለቤትዎን በተመለከተ 140 ብለን ጽፈናል፤ ከዚህ በላይ ለመጻፍ ድፍረቱ የለንም። ሦስቱ ልጆች በጠቅላላ 250። ዴንቨር የሚኖሩ ልጆቻቸውን ካላዩ ዓመቱ አይሞላልኝም ያሉት አክስትዎ 170። ድምሩ 750። ከ720 ላይ 750 ሲቀነስ ዕዳ ውስጥ ገብተናል፤ ገና ኋላው መጫኛ ላይ ምንም አላስቀመጥንም። እዚያ ላይ ጄኔሬተሩ፣ በበረዶ የተሞሉት የመጠጥ ሳጥኖች፣ ሁለት ከረጢት ጤፍና የሁሉም ሻንጣ አለ፤ 350 እንበል። ውጤቱ 380 ፓውንድ ትርፍ ጭነት ነው።

ልብ ይበሉ፤ ተሳቢው ከማስታወቂያው ቁጥር በ5,000 ፓውንድ ያንሳል፤ ሆኖም መኪናው ከልኩ በላይ ተጭኗል። ግማሽ ቶን ፒክአፕ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቅበት የመጎተት አቅሙ ሳይሆን የመሸከም አቅሙ ነው። የሚሸከመው ደግሞ ይሉኝታን ነው። አክስትዎን «ይውረዱ» አይሉም፤ ማኅበሩን «አንድ ማቀዝቀዣ ይቀነስ» አይሉም፤ «ለመንገድ» ተብሎ የመጣልዎትን ቋጠሮ አይመልሱም። መሐንዲስ ይህን ሁሉ በምን አውቆ ያሰላው?

መላ ግን አለ። 350ውን ዕቃ ከመጫኛው አንሥተው ተሳቢው ውስጥ ቢያስገቡት፣ ፒክአፑ ጀርባ ላይ የሚጨምረው 45 ፓውንድ ያህል ብቻ ነው። ትርፉ ከ380 ወደ 75 ወረደ። አንዱን ልጅ ጎረቤት መኪና ውስጥ ማስገባት ነው፤ ልጁም ይህን ይመርጣል፤ የጎረቤት መኪና ውስጥ የፈለገውን ዘፈን ያስከፍታል። ወይም ከመነሻው ስቲከሯ 2,000 የምትል ፒክአፕ መፈለግ ነው። የት ትገኛለች? ወደሚቀጥለው ይለፉ።

ወንበሩ ሲለሰልስ

ዲለሩ ጋ ሲሄዱ በመጀመሪያ የሚያሳዩዎ በጣም የተሟላውን ነው። የቆዳ ወንበር፣ ከዳር እስከ ዳር የመስታወት ጣሪያ፣ በኤሌክትሪክ የሚወጣ የሚገባ መርገጫ፣ ትልልቅ ጎማ። ይህ ሁሉ ክብደት አለው፤ መኪናው ከነጭነቱ እንዲመዝን የሚፈቀድለት ጣሪያ ደግሞ ስለ ቆዳ ብሎ ከፍ አይልም። ስለዚህ እያንዳንዱ ምቾት ከጭነትዎ ላይ ይቀነሳል። የመስታወት ጣሪያው ከአንዱ ሻንጣ ጋር፣ መርገጫው ከጤፉ ጋር ቦታ ይቀያየራል። በ70,000 ዶላር የተገዛው ባለ ግርማ ፒክአፕ፣ የቧንቧ ሠራተኛው ከሚይዘው ጨርቅ ወንበር ያለው ነጭ ፒክአፕ ያነሰ ሲጭን ማየት የተለመደ ነው።

ምክራችን እንግዲህ የማያሻማ ነው። ለመጎተት ከሆነ የሚገዙት ቀለል ያለውን፣ ለመጎተት የሚረዳው ጥቅል ዕቃ የተገጠመለትን ይግዙ። ለመታየት ከሆነ የሚገዙት የመስታወት ጣሪያውን ይግዙና ኩሽናውን ለሌላ ሰው ይተዉ። ሁለቱንም እፈልጋለሁ ካሉ ባንክ ቤቱ እጁን ዘርግቶ ይጠብቅዎታል።

«እንግዲያውስ ትልቁን!»

ይህን ሁሉ ሰምተው «ምን አደከመኝ፣ ትልቁን ልግዛ» ማለትዎ አይቀርም። ሦስት ሩብ ቶንና አንድ ቶን የሚባሉት፣ 2500፣ 3500፣ ኤፍ-250፣ ኤፍ-350 የሚል ቁጥር የተለጠፈባቸው ናቸው። ከኋላ በያንዳንዱ በኩል ድርብ ጎማ ያላቸው፣ ዱዋሊ የሚባሉት፣ መጫኛው መሀል ላይ በሚተከል መጎተቻ ከ30,000 ፓውንድ በላይ የሚጎትቱ አሉባቸው። በዚህ ልክ ማኅበሩን ራሱን ከነአዳራሹ መውሰድ ይቻላል።

ሆኖም ጥቂት ነገሮችን ይወቁ። አንደኛ፣ ጠቅላላ የሚፈቀድላቸው ክብደት ከ8,500 ፓውንድ የሚያልፍ ፒክአፖች በጋሎን ስንት ማይል እንደሚሄዱ የሚገልጸውን የመንግሥት ወረቀት መስኮታቸው ላይ እንዲለጥፉ ሕጉ አያስገድድም። መንግሥት እንኳ ለእርስዎ አዝኖ ዝም ብሏል። ሁለተኛ፣ የናፍጣ ሞተሩ ራሱ ከባድ ስለሆነ፣ አንዳንዱ ሦስት ሩብ ቶን ከጠበቁት ያነሰ ይጭናል፤ እዚህም በሩን ከፍቶ ስቲከሩን ማንበብ ነው። ሦስተኛ፣ ባለ አራት በርና ባለ ረጅም መጫኛ ኤፍ-250 ርዝመቱ 22 ጫማ ያህል ነው። ዋሽንግተን መሀል ምድር ቤት ፓርኪንግ ውስጥ ይህን ይዘው ቢገቡ መውጫው ላይ የሚሰበሰበው ሰው ከሠርግ አያንስም። አራተኛ፣ ባሌስትራው ለጭነት የተሠራ ስለሆነ ባዶውን ሲሄድ ያነጥራል። አክስትዎ ከኋላ ተቀምጠው እያንዳንዱን ጉድጓድ በቅዱሳን ስም ይቆጥሩታል።

አንዳንዱ ደግሞ «በዚያው ዕቃ እያመላለስኩ እሠራበታለሁ» ይላል። ይህ ሌላ ዓለም ነው። ለንግድ ከግዛት ግዛት የሚሻገር፣ ፒክአፑና ተሳቢው ተደምሮ የተፈቀደው ክብደት 10,001 ፓውንድና ከዚያ በላይ ከሆነ የፌዴራል ትራንስፖርት ቁጥር ያስፈልገዋል። ድምሩ 26,001 ደርሶ ተሳቢው ብቻውን ከ10,000 ካለፈ ደግሞ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ነው የሚጠየቀው። ትልልቁን ካሚዮን የሚነዳ ዘመድ አያጡምና እሱን ይጠይቁ። ጥያቄዎን ሳይጨርሱ መልስ ከጀመረ ያቋርጡት፤ አለበለዚያ ነገ ጠዋት ኩባንያ ከፍታችኋል።

ማያያዝና ወደ ኋላ መሄድ

ልኩን ገዙ እንበል። ማያያዙ ደግሞ ትዕግሥት ይፈልጋል። የመጎተቻው ብረት ኳስ በዓይን የማይለይ ልክ አለው፤ 2 ኢንችና 2 ከ5/16 ኢንች። ትንሹን ኳስ ትልቁ አፍ ውስጥ ቢያስገቡት የገባ ይመስላል፣ ይቆለፋልም፤ የሚወጣው አውራ ጎዳና ላይ አንድ ጉብታ ሲመታ ነው። ቁጥሩ ኳሱ ላይም ተሳቢው አፍ ላይም ተቀርጿል፤ መነጽርዎን አድርገው ያንብቡ። ከቆለፉ በኋላ በተሳቢው ክሪክ አፍንጫውን ትንሽ ወደ ላይ ይግፉት፤ የፒክአፑ ኋላ አብሮ ከተነሣ ይዟል። ሰንሰለቶቹን ከሥር አጠላልፈው ያያይዙ፤ አፍንጫው ቢወድቅ እንኳ የሚያርፈው በእነሱ ላይ ነው። የመብራቱንና የፍሬኑን ገመድ ይሰኩ፤ በአብዛኞቹ ግዛቶች ከ3,000 ፓውንድ በላይ የሆነ ተሳቢ የራሱ ፍሬን ሊኖረው ይገባል። ይህን ሁሉ ማኅበርተኞቹ «መሸ እኮ፣ እንሂድ እንጂ!» እያሉ ሲያጣድፉዎ እንዳይሠሩት፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ወደ ኋላ መሄድ ግን የሞተር ሳይሆን የትዳር ፈተና ነው። ባለቤትዎ ከኋላ ቆመው ይመራሉ።

«ና፣ ና፣ ና... ወደ ግራ!»

«በማን ግራ?»

«በግራ ነዋ! ቁም! ቁም አልኩህ እኮ!»

ሊቃውንት ለዚህ ያገኙት መላ አንድ ነው። እጅዎን መሪው ታች ላይ ያድርጉ። የተሳቢው ኋላ ወደ ግራ እንዲሄድ ሲፈልጉ እጅዎን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲፈልጉ ወደ ቀኝ ይውሰዱ። በቀስታ፣ በትንሽ በትንሹ። መጀመሪያ ባዶ ሜዳ ላይ ይለማመዱ፤ እሑድ ከሰዓት የቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ አይሆንም፤ ያኔ መሪ ነኝ የሚለው ሰው ይበዛል።

መንገድ ላይ

ከቨርጂኒያ ሲወጡ የአፓላቺያን ተራሮች ይቀበሉዎታል። ሜሪላንድ ውስጥ እንደ ሳይድሊንግ ሂል ያለ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ረግጦ መውረድ የለም። ገና ከአናቱ ማርሹን ዝቅ አድርገው፣ ፒክአፑ የመጎተት ሁነታ ካለው እሱን አብርተው፣ በሞተሩ እየተያዙ ይውረዱ። ፍሬኑ ከሸተተ ይቁሙ፤ አክስትዎ «ምን ተቃጠለ?» እስኪሉ አይጠብቁ።

ካንሳስ ሲደርሱ መንገዱ ገበታ ነው፤ ነፋሱ ግን ከጎን ይመጣል። እዚህ ላይ ያ ከመጫኛው ወደ ተሳቢው ያዛወሩት ዕቃ ይታወሳል። ከተሳቢው አክስል ወደ ፊት ካስቀመጡት መልካም፤ ማቀዝቀዣውንና መጠጡን ኋላ በር አጠገብ ከቆለሉት ግን አፍንጫው ይቀላል፣ ጅራቱ መወዛወዝ ይጀምራል። ከ10 በመቶ በታች አይውረድ የተባለው ለዚህ ነው። መወዛወዝ ሲጀምር የፒክአፑን ፍሬን አይርገጡ፣ መሪውም ላይ አይታገሉ። መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፣ ነዳጁን ይልቀቁ፣ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በእጅ በሚያዘው መቆጣጠሪያ ቀስ ብለው ይያዙ። ቆመውም ዕቃውን ወደ ፊት ያዛውሩ። ፍጥነትዎንም ይግቱ። ካሊፎርኒያ ተሳቢ ለሚጎትት ከ55 ማይል በላይ አትፈቅድም፤ ሌላው ግዛት ቢፈቅድም ብዙው የተሳቢ ጎማ የተሠራው ለሩጫ አይደለም።

ዴንቨር ደርሰው ሲያበቁ ልጆቹ «ተራራ እንይ» ይላሉ። ኩሽናውን ከተማ ፈትተው ይሂዱ። ኢንተርስቴት 70 ላይ ያለው የአይዘንሃወር ዋሻ ከባሕር ወለል በላይ 11,158 ጫማ ላይ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ጫማው ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል፤ እዚያ ሲደርስ ሲሦው ሄዷል። ዴቪስ ዳም ላይ ፈተናውን ያለፈው ጀግና እዚህ ለሀጩን ያዝረበርባል።

የመጨረሻው ምክር

አሁን ልኩን ለመወሰን ዝግጁ ነዎት። የሚጎትቱትን ከባዱን ነገር ይጻፉ፤ በምኞትዎ ያለውን ሳይሆን በእርግጥ የሚጎትቱትን። ከእሱ 15 በመቶውን ይያዙ። ሰዎቹን ይደምሩ፤ አክስትዎን አይርሱ። ዕቃውን ይደምሩ፤ «ለመንገድ» የሚመጣውንም አይርሱ። በድምሩ ላይ ትንሽ ትርፍ ይተዉና ያንን ቁጥር የሚችል ስቲከር ያለውን ፒክአፕ ይግዙ። ከጉዞው በፊትም ከነቤተሰብዎ ከነተሳቢው ትራክ ስቶፕ ያለው ሚዛን ላይ ይውጡ፤ ዋጋው ከአንድ ሰው ምሳ አይበልጥም፤ አክስል በአክስል ለይቶ ይነግርዎታል። ከባዱ ነገር በዓመት አንዴ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ፣ ለቀሪው ዓመት የሚበቃዎትን ትንሹን ይያዙና ለዚያ ሳምንት ትልቁን ይከራዩ። ውሉ መጎተት እንደሚፈቅድ ግን አስቀድመው ያንብቡ፤ ብዙዎቹ አይፈቅዱም።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ፒክአፕ መግዛትዎ በተሰማ በሳምንቱ ስልክዎ ይጠራል። «ወንድም ጋሼ፣ እንኳን ደስ ያለህ! ቅዳሜ ምን ታደርጋለህ? አንዲት ሶፋ ነበረች...» ሶፋዋ አንዲት አይደለችም። ከእሷ ጋር ፍሪጅ አለ፣ ከፍሪጁ ጋር የባለቤቱ ወንድም የሚለቀው አፓርትመንት አለ። እስከ ዛሬ ለእንዲህ ያለው ጥሪ የሚሆን መልስ በባህላችን አልነበረም። ዓይን አፍጥጦ እምቢ ማለት ያስቀይማል፤ እሺ ማለት ወገብ ይሰብራል።

አሁን ግን መልስ አለዎት፤ ያውም በፋብሪካ የታተመ። ወዳጅዎን ይጋብዙት፤ የሾፌሩን በር ይክፈቱለት፤ ጎንበስ ብሎ ራሱ ያንብብ። «እኔማ ደስ ባለኝ፤ እሱ ነው እምቢ ያለው» ይበሉት። ስቲከሩ ይሉኝታ የለውም፣ በሽማግሌ አይለመንም፣ ተቀየምኩ ቢሉትም ቁጥሩን አይቀይርም። ይህን ሁሉ አንብቦ «እስኪ እኔ ቀስ ብዬ ልሞክረው» የሚል ከሆነ ግን ቁልፉን ሳይሆን የዩሆልን ስልክ ቁጥር ይስጡት፤ እነሱ ፒክአፕ ያከራያሉ።